ሕንፃና መሠረት ሲወዛወዙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ወዲህ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይሄ ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ የተንቀጠቀጠው አዋሽ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሕንፃ ምን አገባውና ተወዛወዘ?

ንዝረት ሩቅ ይሄዳል። መሬት ውስጥ አለት ሲሰነጠቅ ወይም ሲንሸራተት ኃይሉ በሞገድ መልክ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። ፈጣኑ ንዝረት፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያርገበግበው፣ መንገድ ላይ ቶሎ ይደክማል። ዘገም ያለው ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞም አቅም ይተርፈዋል። ከ2024 መስከረም ጀምሮ አዋሽ አጠገብ ባሉት ፈንታሌና ዶፈን ተራሮች አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ የደረሰው እንዲህ ተጣርቶ ነው። ለዚህ ነው ብዙ የከተማው ሰው "ያዞረኝ መስሎኝ ነበር" ያለው። እዚያው አዋሽ የነበረ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ ድንገት መጥቶ ቤቱን ስለሚመታ ንዝረት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1906 ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ክፉኛ አስደንግጧል። በ1961 የካራ ቆሬው መጥቶ የሰሜን ሸዋዋን ማጀቴን አፈራርሷል፤ እሱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ልዩነቱ ያኔ በከተማዋ ፎቅ በጣት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ዛሬ ንዝረቱን የሚቀበሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ሞልተዋል።

ላይኛው ፎቅ ያለው "ቤቱ ተናወጠ" ይላል። ምድር ያለው ዘበኛ "ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁ" ይላል። ማን ይታመን?

ሁለቱም። ሕንፃ በመሠረቱ መሬት ላይ የተያዘ ነው፤ ከላይ ነፃ ነው። መሬቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እንቅስቃሴው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ዘበኛው ቆሞ ወይም ወዲያ ወዲህ እያለ ከነበረ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል። አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ቶሎ ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር ምት ነው። እያንዳንዱ ሕንፃ ገፋ ተደርጎ ቢለቀቅ ሄዶ ለመመለስ የሚወስድበት የራሱ ጊዜ አለው። ለተለመደ የአርማታ ሕንፃ ግምቱ ቀላል ነው፤ የፎቁን ብዛት ለአስር ማካፈል። ጂ ፕላስ አራት የሆነው (ከምድሩ ጋር አምስት) ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሃያ ፎቁ ሁለት ሰከንድ ገደማ። የሚመጣው የመሬት ንዝረት ከዚያ ምት ጋር ከገጠመ ውዝዋዜው እየጨመረ ይሄዳል። ውሃ የሞላ ባልዲ ይዞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እርምጃው ከውሃው ምት ጋር ሲገጥም ነው ውሃው እየዘለለ እግሩን የሚያጥበው። መሐንዲሶች ይህን ሬዞናንስ ይሉታል።

ጃፓን ላይ በ2011 የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። መንቀጥቀጡ የተነሳው ከሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ኦሳካ፣ 256 ሜትር ቁመት ያለው የሳኪሺማ ሕንፃ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ እየተወዛወዘ ለአስር ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ከሥሩ ያሉት አጫጭር ቤቶች በአብዛኛው ምንም አልሆኑም።

ሕንፃ ከተወዛወዘ ደካማ ነው ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም ምንም የማይል፣ ግትር ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚሰበር ሕንፃ ነው የሚያስፈራው። አርማታ ግፊትን ይችላል፣ መጎተትን አይችልም። መጎተቱን የሚችለው በውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው ነው። ጥሩ ሕንፃ ሲጎዳ እንኳ ፌሮው እየተሳበ፣ አርማታው እየተሰነጠቀ ኃይሉን ይበላል፤ ሰው የሚወጣበት ጊዜ ይሰጣል።

ይህ የሚወሰነው ማንም ልብ በማይለው በስታፋው ነው። ስታፋ ማለት የኮለኑን (የቋሚ ምሰሶውን) ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት ነው። ኮለኑ ከቢም (ከአግዳሚው) ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት፤ መሐል ላይ ሰፋ ቢል ችግር የለውም። ጫፉ ደግሞ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ አርማታው ሆድ መግባት አለበት። ብዙ ሳይት ላይ ግን በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ይታያል፤ ለፌሮ ሠራተኛው ይቀለዋል። ሕንፃው ሲናወጥ የላይኛው የአርማታ ልባስ ይረግፋል። ያኔ በ90 ዲግሪ የታጠፈው ስታፋ ይከፈታል፣ ቋሚዎቹ ፌሮዎችም ወደ ውጭ ይጎብጣሉ። ቤት እያሠራችሁ ከሆነ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ረጅም ሕንፃ ነው የሚያሰጋው ወይስ አጭር?

ንዝረቱና አፈሩ ናቸው የሚወስኑት። ሜክሲኮ ሲቲ በመስከረም 19፣ 1985 የደረሰባት ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚነሳ ምሳሌ ነው። መንቀጥቀጡ የተነሳው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ፓስፊክ ጠረፍ ላይ ነው። ከተማዋ ግን የቆመችው በደረቀ ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው ከመጣው ንዝረት ውስጥ በሁለት ሰከንድ ገደማ አንዴ የሚመላለሰውን መርጦ አጎላው። ክፉኛ የተጎዱት በአብዛኛው ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሆኑ። ሲሰነጣጠቁ እየላሉ፣ ሲላሉ ምታቸው እየዘገመ ከጭቃው ምት ጋር ገጠመ። ብዙ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ተረፉ። 44 ፎቅ ያለው ቶሬ ላቲኖአሜሪካናም ተረፈ።

ቅርብ የተነሳ መንቀጥቀጥ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ፈጣኑ ንዝረት ሳይደክም ስለሚደርስ ጭቃ ቤቱ፣ የድንጋይ ካቡና አንድና ሁለት ፎቁ ናቸው ቀድመው የሚመቱት። ማጀቴን ያፈረሳት ይሄ ነው። ስለዚህ "እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ አያገባኝም" ማለት አያዋጣም።

አፈሩ ጥቁር ከሆነስ?

ጥቁር አፈር ያለ መንቀጥቀጥም ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል። ብዙ ሰው "መንቀጥቀጡ ሰነጠቀብኝ" የሚለው ስንጥቅ ከዚህ የመጣና ቀድሞም የነበረ ነው። ጥልቀት ያለው ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ንዝረትን ያጎላል። መፍትሔው ጥቁሩን ጠርጎ አውጥቶ ጠንካራው ላይ መድረስ፣ ካልተደረሰ ደግሞ ፓይል (ወደ ጥልቅ የሚወርድ ምሰሶ) መትከል ወይም በማት ፋውንዴሽን (ከሕንፃው ሥር ሁሉ በተዘረጋ አንድ ወፍራም አርማታ) መሥራት ነው። የአፈር ምርመራ ሳይሠራ ጥልቀቱን በግምት መወሰን ቁማር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ብዙም የማይወራ ሌላ ነገር አለ፤ ተዳፋት ላይ የሚሠራ ቤት። ግማሹ ተቆፍሮ አለት ላይ ያርፋል፣ ግማሹ በተሞላ አፈር ላይ። ንዝረት ሲመጣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት አይንቀሳቀሱም። መሠረቶቹ በማያያዣ ቢም ካልታሰሩ ቤቱ መሐል ላይ ይከፈታል።

ከሁሉ የከፋው ውሃ የጠጣ ልል አሸዋ ነው። ሲናወጥ በአሸዋው መሐል ያለው ውሃ ጫና ይጨምርና አሸዋው መሸከም ያቆማል። በ1964 ጃፓን ኒጋታ ላይ አፓርታማዎች አርማታቸው ሳይሰበር ከነመሠረታቸው ጋደል ብለው ተኝተዋል።

ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ነው። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምሰጋውም ይሄን ነው። ላይኛዎቹ ፎቆች ኮለኖቹ መሐል ሁሉ በብሎኬት የተሞሉ ስለሆኑ ግትር ይሆናሉ። ምድሩ ግን መስታወትና የላሜራ በር ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ከላይኞቹ ፎቆች ከፍ ያለ ነው። መሬት ሲናወጥ ላይኛው ክፍል እንደ አንድ ሳጥን ይሄዳል፤ ውዝዋዜው ሁሉ እዚያች አንዲት ፎቅ ኮለኖች ላይ ይወድቃል። ኮለኖቹ ከተሰበሩ ምድሩ ይጠፋና አንደኛ ፎቅ አስፋልቱ ላይ ይቀመጣል። ቱርክ ውስጥ በየካቲት 2023 ከወደቁት መሐል እንዲህ የተሠሩ ብዙ ነበሩ። የቤቶቹ አሠራር፣ የአርማታ ኮለንና ቢም መሐሉ ባዶ በሆነ ጡብ ተሞልቶ፣ ከእኛው እምብዛም አይርቅም።

ዲዛይኑ ላይ ከታሰበበት ይስተካከላል፤ የምድሩን ኮለን ማወፈር፣ የሊፍቱንና የደረጃውን ዙሪያ በአርማታ ግድግዳ መሥራት። ተከራይ ሱቁን ለማስፋት ግድግዳ ሲያፈርስ ግን ማንም መሐንዲስ አይጠይቅም። ብሎኬት ብቻ ነው ይባላል። ብሎኬቱ በዲዛይን ባይቆጠርም፣ ሕንፃው ሲወዛወዝ ሥራ እንደሚሠራ የሚያስታውስ የለም።

ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። ቤቱን ልልቀቅ?

ስንጥቁ የት ነው? ብሎኬቱ ከኮለን ወይም ከቢም ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ በብዛት የልስን ጉዳይ ነው። ብሎኬቱ ላይ ሰያፍ ሄዶ የኤክስ ቅርጽ የሠራ ከሆነ ግድግዳው ኃይል ተቀብሏል፤ ይታይ። ኮለኑ ራሱ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ፣ አርማታ ረግፎ ፌሮ ከታየ ወይም በር አልዘጋ ማለት ከጀመረ ውጡና ስትራክቸራል መሐንዲስ ጥሩ።

የስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ እየቀጠለ ነው። በልስን ሸፍኖ መቀባት ግን መረጃ ማጥፋት ነው።

ጣሪያ ላይ ያስቀመጥነው ሮቶስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው። ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ሕንፃው ከሁሉ በላይ የሚወዛወዘው ደግሞ እዚያው ጫፉ ላይ ነው። በቀጭን ብረት ተበይዶ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ያለ፣ ያልታሰረ ሮቶ ሊገለበጥ ይችላል። ግማሽ የሆነው የራሱ ጣጣ አለው፤ ውሃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይመታል። መቆሚያውን ዝቅ ማድረግ፣ እግሮቹን ከሶሌታው (ከጣሪያው አርማታ) ጋር በቦሎን ማሰር፣ በሰያፍ ብረት ማጠንከር፣ ከጠርዝ ማራቅ። ወጪው ትንሽ ነው።

የሚወዛወዝ ክብደት ሁልጊዜ ጠንቅ ነው ማለትም አይደለም። ታይፔ 101 ላይ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ በላይኞቹ ፎቆች መሐል ተንጠልጥሏል። ሕንፃው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ኳሱ ዘግይቶ በተቃራኒው ይጎትተዋል። እሱ ግን ተሰልቶ የተሰቀለ ነው።

መሠረቱ ከመሬት ብድግ ብሎ ቢመለስስ? ተገለበጠ ማለት አይደለም?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው። በ1960 ቺሊን የመታው መንቀጥቀጥ 9.5 ነበር፤ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ። ከዚያ በኋላ ከባድ ጭንቅላት በቀጭን እግር ላይ የተሸከሙ የውሃ ማማዎች ቆመው ተገኙ፤ የተረጋጉ የሚመስሉ ሌሎች ግንባታዎች ግን ተጎድተዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ሃውዝነር በ1963 ምክንያቱን በሒሳብ አሳየ። ማማው ሲገፋ የመሠረቱ አንዱ ጠርዝ ብድግ ይላል። ሳይወድቅ መሬቱ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ማማው ተመልሶ ይቀመጣል። ብድግ ባለ ቁጥር ከመሬት ወደ ላይ የሚገባው ኃይል ይወሰናል፤ መልሶ ሲቀመጥ ደግሞ ጉልበት ይጠፋል። ሃውዝነር ሌላም አሳይቷል፤ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ትልቁን መገልበጥ ከትንሹ ይከብዳል። ትልቁ ለመጋደል ጊዜ ስለሚፈልግ ንዝረቱ ቀድሞት ይመለሳል።

ኒው ዚላንዶች ይህን ሆን ብለው ሠሩበት። በ1981 የተጠናቀቀው የደቡብ ራንጊቲኬ የባቡር ድልድይ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። መንቀጥቀጥ ሲመጣ የምሰሶዎቹ እግሮች ተራ በተራ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ብድግ ማለት ይችላሉ። ውስጥ ያሉ የብረት ዘንጎች እየተጠማዘዙ ጉልበቱን ይበላሉ። ባቡሩ እስከ ዛሬ በላዩ ያልፋል።

ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። መሠረቱ ተመልሶ ሲቀመጥ ከጠርዙ ሥር ያለውን አፈር ይረግጠዋል። አፈሩ ደካማ ከሆነ በየረገጣው እየሰጠመ ሕንፃው ዘንበል ብሎ ይቀራል። ጠንካራ መሬት ላይ የሚያድን ነገር ጥቁር አፈር ላይ ጉድ ይሠራል።

ታዲያ የአክሱም ሐውልቶች እንዴት ቆሙ?

ሁሉም አልቆሙም። ትልቁ፣ 33 ሜትር ገደማ የሆነው፣ ተሰባብሮ ተኝቷል። ብዙ አጥኚዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያስባሉ፤ መሬት ውስጥ የገባው ክፍል ለቁመቱ አጭር ነበር። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 የቆመው 24 ሜትር ነው። የኢዛና የሚባለው ግን ወድቆ አያውቅም፤ ዘንበል ብሎ ከ1,600 ዓመት በላይ ቆሟል። አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፣ መገጣጠሚያ የለውም፤ ትልቅ በመሆኑም የሃውዝነር ሒሳብ ያግዘዋል። ሥጋቱ ሥሩ ነው። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ ነገር በዚያ በኩል ለመገልበጥ የቀረው መንገድ አጭር ነው። ለዚህ ነው ከሮም የተመለሰው ጎረቤቱ ሲተከል የኢዛናው በገመድ ታስሮ የተያዘው።

ጎማ ላይ የሚቆም ሕንፃ እውነት አለ?

አለ። በሕንፃውና በመሠረቱ መሐል ከጎማና ከብረት ንጣፍ የተሠሩ ወፍራም ትራሶች ይገባሉ። በ1994 ሎስ አንጀለስ ስትመታ እንዲህ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራ ሳያቋርጥ ቀጥሏል። ውድ ነው፤ እንደ ሜክሲኮ ሲቲ ያለ ዘገምተኛ ንዝረት በሚያመጣ ጭቃ ላይም አይመከርም።

የባሕር ሞገድና የመሬት መንቀጥቀጥ ለመሠረት አንድ ናቸው?

ሁለቱም ያወዛውዛሉ፤ ክብደት ላይ ግን ይለያያሉ። መንቀጥቀጥ ከሥር ነው የሚመጣው። ሕንፃው በከበደ ቁጥር የሚደርስበት ኃይል ይጨምራል። ሞገድ ከጎን ይገፋል፤ እዚያ ክብደት ያድናል። ኖርዌይ ውስጥ በ1995 ወደ ባሕር የተጎተተው ትሮል ኤ የጋዝ ማውጫ መድረክ 472 ሜትር ቁመት አለው። በአብዛኛው በክብደቱ ነው የቆመው፤ የአርማታ ቀሚሱ፣ ከሥሩ ወደ ታች የወረደው ግድግዳ፣ ደግሞ 36 ሜትር የባሕሩ ወለል ውስጥ ገብቷል።

ሌላው ልዩነት ጊዜ ነው። መንቀጥቀጥ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በደቂቃዎች ያልፋል። ማዕበል ግን ለሰዓታት በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ሰከንዱ ይመታል፤ በሺህ የሚቆጠር ግፊት ማለት ነው። ብረት ይደክማል፣ ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈርም በየግፊቱ ጥቂት ጥቂት ይላላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የመድረኩ ምት ከሞገዱ ምት ጋር እንዳይገጥም አስቀድመው ያርቁታል።

ወደቦች ግን ሁለቱንም መቻል አለባቸው። ኮቤ በጥር 1995 ስትመታ የወደቧ ግድግዳ የሆኑት ግዙፍ የአርማታ ሳጥኖች በብዙ ቦታ በሜትሮች ወደ ባሕር ተንሸራትተው አዘነበሉ። ሞገዱን ይችሉ ነበር። የከዳቸው ከሥራቸውና ከኋላቸው የተሞላው አፈር ነው።

የእኔ ሕንፃ ስንት ሬክተር ይችላል?

ማንም ሐቀኛ መሐንዲስ በቁጥር አይመልስላችሁም። ሬክተር የምንለው ቁጥር የሚለካው መንቀጥቀጡ በተነሳበት ቦታ የወጣውን ኃይል ነው። ሕንፃችሁ ጋ ምን እንደደረሰ አይናገርም። ኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች አጠገብ በ2010 መስከረም 7.1 ተነሳ፤ በቀጥታ የሞተ ሰው የለም፤ ምንጩ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። በ2011 የካቲት 6.2 መጣ፤ ቅርብና ጥልቀት የሌለው ነበር። 185 ሰው ሞተ።

ሕንፃ የሚሠራው መሬቱ እሱ ባለበት ቦታ ምን ያህል ሊነቃነቅ ይችላል በሚል ግምት ነው። በ2015 ከአውሮፓው ጋር ተጣጥሞ የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ዲዛይን ደረጃ በመደበኛነት የሚያሰላው በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ አሥር በመቶ ለሆነ ንቅናቄ ነው። መሐንዲሱን መጠየቅ ያለባችሁ፦ ዲዛይኑ በየትኛው ደረጃ ተሠራ? የአፈር ምርመራው የታለ? ከፀደቀው ፕላን በላይ ፎቅ ተጨምሯል?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ደረጃው ቃል የሚገባው ሕንፃው በሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ ሳይጎዳ እንዲቀር አይደለም። ክራይስትቸርች መሐል ከተማ ላይ ሳይወድቁ የቆዩ ብዙ ሕንፃዎች ለጥገና ስላላዋጡ በኋላ ፈርሰዋል። ብድር እየከፈላችሁ ያላችሁበት አፓርታማ ቢሆን፣ ይህን ወጪ ማን እንደሚሸከም የኢንሹራንሱ ውል ላይ አሁኑኑ አንብቡ።